ጥቆማ፦ ፓይተን ለምትጀምሩ የማርቆስና የአካባቢው ልጆች፣ የቱ ላይ ብትጽፉ ይሻላል?

ፓይተን (ኮምፒውተርን የምናዝበት የፕሮግራም ቋንቋ) ጀምራችሁ ከአንድ መስመር በላይ ስትጽፉ ኤረር እየበዛባችሁ ለተቸገራችሁ፣ ሞክሬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ክረምት ላይ የአክስቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም ማርቆስ እኔ ጋ መጥታ ነበር። ከ1 እስከ 5 ኩንታል ጤፍ ስንት ብር እንደሚያወጣ በተራ የሚያወጣ አጭር ኮድ ሰጠኋት። ፓይተን ሲከፈት የሚመጣው ጥቁሩ መስኮት ላይ የ«ፎር»ን (ኮድ የሚደጋግመውን ትእዛዝ) መስመር ጽፋ ኢንተር ስትመታ፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ >>> የነበረው ምልክት ... ሆነባት። ተበላሸ ብላ ዘጋችው። ነገሩ ግን «ገና አላለቀም፣ ቀጥይ» ማለቱ ነው። እንደገና ከፍታ አራት ስፔስ ገባ ብላ ሁለተኛውን መስመር ጻፈች፤ ወዲያው ከግራ ጠርዝ ሌላ ፕሪንት (ውጤት የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስትጀምር ሲንታክስ ኤረር፣ ማለትም የአጻጻፍ ስህተት መጣ። እዚያ መስኮት ላይ ብሎክ (አንድ ላይ የሚሄዱት ገባ ያሉ መስመሮች) የሚዘጋው ባዶ መስመር ላይ ኢንተር ሲመታ ነው። በዚሁ ምክንያት ከፒዲኤፍ የቀዳችሁት ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) መሀሉ ላይ ባዶ መስመር ካለው እዚያው ይቆረጥና ቀሪው ኢንደንቴሽን ኤረር (መስመሩ ያለቦታው ገባ ብሏል የሚል ስህተት) ይሰጣችኋል። ያው ኮድ ፋይል ውስጥ ቢሆን በደንብ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ትምህርቱ አልገባኝም ብላችሁ አትተዉት።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ ፓይተን 3.13 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ጫኑ። የእሱ ጥቁር መስኮት ላይ ወደ ላይ ቀስቷን ስትጫኑ ብሎኩን እንዳለ ይመልስላችኋል፣ መሀል ገብታችሁ ታርማላችሁ። ረጅም ኮድ ከመለጠፋችሁ በፊት ኤፍ3ን ንኩ፤ ባዶ መስመር ቢኖርም አይቆርጥባችሁም።

ከፓይተን ጋር የሚመጣው አይድል የተባለው ኮድ መጻፊያም ጥሩ ነው፣ ግን ሼሉ (>>> ያለበት መስኮት) ላይ ብዙ መስመር በአንዴ አትለጥፉ። ኒው ፋይል ከፍታችሁ ጻፉና በኤፍ5 አስኪዱት።

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ቶኒ (Thonny) የሚባለው ኮድ መጻፊያ ነው። ፓይተኑ አብሮት ስላለ ሌላ የሚጫን የለም፣ ከተጫነ በኋላ ኔት አይፈልግም። ላይ ትጽፋላችሁ፣ ታች ሼሉ አለ። ኮንትሮልና ኤፍ5 ብላችሁ ከዚያ ኤፍ7 ስትጫኑ ኮዱ ደረጃ በደረጃ ሲሄድ ታያላችሁ። የአክስቴ ልጅ «ፎር» የገባት ኩንታሉ ከ1 ወደ 2 ሲቀየር በዓይኗ ስታይ ነው። ላፕቶፗ ዊንዶውስ 7 ስለሆነ ፓይተን 3.8 ያለበትን ቶኒ ጫንኩላት፤ አዲሶቹ ፓይተኖች እዚያ ላይ አይሠሩም።

ላፕቶፕ የሌላችሁ በአንድሮይድ ስልክ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው አፕ ይበቃችኋል፤ ያለ ኔት ይሠራል። ኮላብ (ብሮውዘር ላይ የሚከፈተው የጉግል ኮድ መጻፊያ) ግን ያለ ኔት ስለማይሠራ ዳታ ለሚቸግረው አልመክርም።

ማርቆስ ያላችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ የቶኒን ሁለቱንም ኢንስቶለር (አዲሱንና የዊንዶውስ 7ቱን) እገለብጥላችኋለሁ።