በኢንተርኔት ባካሄድኩት የማዳመጥ ሙከራ ከተሳታፊዎቼ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ወደቁ፤ ምን ላድርግ?

የድምፅ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሰዎች መጥበቅንና መላላትን በጆሮ እንዴት እንደሚለዩ እያጠናሁ ነው። የመረጥኩት ቃል «ዋና» ነው። «ና» ሲላላ የዋናተኛው ዋና ይሆናል፤ ሲጠብቅ ዋነኛ ማለት ነው። ከአንድ ቅጂ ተነስቼ የ«ን»ን ርዝመት (ሲያጥር ይላላል፣ ሲረዝም ይጠብቃል) ፕራት በተባለ የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም እየለወጥኩ፣ ከ60 እስከ 180 ሚሊሰከንድ በ20 በ20 ልዩነት ሰባት ድምፆች ሠራሁ። ተሳታፊው ይሰማል፤ ከዚያ «ላልቷል» ወይም «ጠብቋል» የሚል ቁልፍ ይጫናል። እያንዳንዱ ድምፅ አሥር ጊዜ ይመጣል።

በላቦራቶሪ የክፍል ጓደኞቼ ላይ ስሞክረው ውጤቱ ያማረ ነበር። ተሳታፊዎችን በክፍያ በሚያገናኝ የኢንተርኔት መድረክ 60 ሰው ስመለምል ግን 21ዱ በሁለቱ ጫፍ ድምፆች ላይ እንኳ 80 በመቶ ትክክል መመለስ አልቻሉም። ጥቂቶች ደግሞ «የድምፁ መጀመሪያ ይቆረጣል» ብለው ጽፈውልኛል። ሰዎቹ ግድ የለሽ ሆነው ነው ወይስ የጆሮ ማዳመጫ ስላላደረጉ? 21ዱን ጥዬ ልቀጥል? ክፍያቸውንስ ልያዝ?

አዳማጭ፦
«የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሁሉም «አድርጌያለሁ» ይላል። መፈተን አለብሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 እነ ውድስ ያሳተሙት አጭር ፈተና አለ። ሦስት ድምፆች ተከታትለው ይሰማሉ፤ ተሳታፊው ዝቅ ብሎ የተሰማውን ይመርጣል። ከሦስቱ አንዱ በእውነት ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላው ደግሞ ለአንዱ ጆሮ እንዳለ፣ ለሌላው ጆሮ ሞገዱ ተገልብጦ የሚላክ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ምንም አይሆንም። በድምፅ ማጉያ ሲሆን ግን ሁለቱ ሞገዶች አየር ላይ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፤ ስለዚህ ድምፁ የደከመ ይመስልና ሰውየው እሱን ይመርጣል፣ ይሳሳታል። ስድስት ጊዜ ይጠየቃል፤ አምስቱን የመለሰ ያልፋል። ፈተናው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ መጀመሪያው ላይ አድርጊው፤ ያላለፈውም ላጠፋው ጊዜ ይከፈለው።

ኮድ ጸሐፊ፦
«መጀመሪያው ይቆረጣል» ያሉሽ እውነታቸውን ነው። ብዙ የብሉቱዝ ማዳመጫዎች ጸጥታ ሲሆን ያንቀላፋሉ፤ ድምፅ ሲመጣ እስኪነቁ የቃሉ መነሻ ያመልጣል። «ዋ» ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነሳ ድምፅ ስለሆነ መቆረጡ ይጎዳዋል። ከቃሉ በፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል በጣም ደካማ ሹክሹክታ መሰል ድምፅ አስቀድሚ፤ ፍጹም ጸጥታ አይሁን።

ፋይሎችሽ ኤምፒ3 ከሆኑም ወደ ዌቭ (ወዳልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ቀይሪያቸው። ኤምፒ3 ሲሠራ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አጭር ባዶ ቦታ ይጨመራል፤ ድምፁም ይጨመቃል። ክብደቱን አትፍሪ፦ በ44,100 ሄርዝና በ16 ቢት የተቀዳ የአንድ ሰከንድ ነጠላ መስመር ዌቭ 88 ኪሎባይት ገደማ ነው። ሰባቱንም ሙከራው ከመጀመሩ በፊት አስጭኛቸው። «ጀምር» የሚል ቁልፍም ይኑር፤ ተጠቃሚው አንድ ነገር ካልተጫነ ብራውዘሮች ድምፅ ይከለክላሉ።

የምላሽ ፍጥነት የምትለኪ ከሆነ ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ይህ ግን የ«ን»ን ርዝመት አይነካውም፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አይሳብም።

አንጋፋ መምህር፦
ልጄ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሰዎቹን ከመጣልሽ በፊት አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የ21ዱን ውጤት በአማካይ አትመልከቺው፤ የእያንዳንዱን ሰው መስመር ለብቻው ሥይው። አግድም ርዝመቱ፣ ሽቅብ «ጠብቋል» ያለበት መጠን። ከዚያ ተመልሰሽ ንገሪኝ።

የጠረጠርኩትን ልናገር። «ላልቷል» እና «ጠብቋል» የሰዋስው ትምህርት ቃላት ናቸው። ሰው ልዩነቱን በጆሮው አጥርቶ ይሰማል፤ የትኛው «ላላ» የትኛው «ጠበቀ» እንደሚባል ግን ከትምህርት ቤት ከወጣ ስንት ዘመኑ! ጓደኞችሽ የቋንቋ ተማሪዎች ስለሆኑ አልቸገራቸውም። ፊደላችንም አይረዳሽም፤ ሁለቱም የሚጻፉት «ዋና» ተብሎ ነው።

የድምፅ ተማሪ፦
መምህር፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከ21ዱ የዘጠኙ መስመር ፍጹም ያማረ ነው፤ ግን የተገለበጠ! በ60 ሚሊሰከንድ «ጠብቋል»፣ በ180 «ላልቷል» ብለዋል፤ መሐል ላይ እንደማንኛውም ሰው በአንድ ስፍራ ይታጠፋል። አምስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተጫኑት። የቀሩት ሰባት የተበታተኑ ናቸው። ዘጠኙን ገልብጬ ልጠቀምባቸው?

አዳማጭ፦
በእኔ እምነት ገልብጫቸው። መሰማታቸው ግልጽ ነው።

አንጋፋ መምህር፦
አይሆንም። ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚወጣ ሕግ ሕግ አይደለም። ዛሬ ዘጠኙን ትገለብጫለሽ፤ ነገ ግማሽ የተገለበጠ የመሰለሽ አሥረኛ ይመጣል፤ እሱንስ? ይህን ዙር እንደ ቅድመ ሙከራ ያዢው፤ የሆነውንም በጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ አስፍሪው። ለሚቀጥለው ዙር ማን እንደሚወጣ፣ በስንት ስህተት እንደሚወጣ አንድም ሰው ሳይመለመል በፊት ጽፈሽ አስመዝግቢ።

ቁልፎቹን «መዋኘት» እና «ዋነኛ» አድርጊያቸው፤ ያን ጊዜ ተሳታፊው ስለ ትርጉም እንጂ ስለ ሰዋስው አይጠየቅም። ጫፍና ጫፎቹን ብቻ እያሰማሽ፣ ትክክልና ስህተቱን እየነገርሽ ጥቂት አለማምጂው። ቃሉንም ለብቻው አትስጪ። ጆሮ አንድ ድምፅ ረጅም ነው አጭር የሚለው ከአካባቢው ንግግር ፍጥነት ጋር እያመዛዘነ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት በተቀዳ ዓረፍተ ነገር መሐል አስገቢው። «አሁን ዋና የሚለውን ስማ» ዓይነት ይበቃል፤ ትርጉሙ ወደ አንዱ ወገን እንዳያዘነብል ብቻ ተጠንቀቂ።

የቃል ትርጉም ባለሙያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። «አፍ መፍቻችሁ አማርኛ የሆነ ብቻ» ብለሽ በማስታወቂያው ከጻፍሽ፣ ሥራውን የፈለገ ሁሉ «አዎ» ይላል። የምትፈልጊውን ሳትገልጪ ያደጉባቸውን ቋንቋዎች በቅደም ተከተል እንዲዘረዝሩ ጠይቂ። ሌላው፣ በጽሑፍ ምንም ሳይታይ በድምፅ ብቻ «ከታች ካሉት አራት ቁጥሮች ሰባትን ተጫን» የሚል ገጽ አስገቢ። ድምፅ የማይሰማው፣ አማርኛ የማያውቀውና በሌላ ሥራ የተጠመደው ሦስቱም እዚያው ይለያሉ። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ «ልብ ብለው እያነበቡ ከሆነ ይህን ይምረጡ» የሚሉትን ጥያቄዎች ትቻለሁ፤ እነሱ የሚፈትኑት ንባብን ነው፣ የእኛ ሥራ ግን ማዳመጥ ነው።

የድምፅ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም እየቀየርኩ ነው። የአዳማጭን የጆሮ ማዳመጫ ፈተናም አስገባለሁ። የክፍያውን ነገር ግን አልመለሳችሁልኝም።

አንጋፋ መምህር፦
ለዘጠኙ ዛሬውኑ ክፈያቸው፤ የተሳሳተው ገጽሽ እንጂ እነሱ አይደሉም። ለሰባቱም ክፈይ፤ ምናልባት መጀመሪያው የተቆረጠባቸው እነሱ ይሆናሉ። አንድ ቁልፍ ብቻ የተጫኑትን አምስቱን በተመለከተ፣ ከመከልከልሽ በፊት ድምፁ ደርሷቸው እንደነበር በመድረኩ መልእክት ላኪና ጠይቂያቸው። ዝም ብሎ የተከለከለ ክፍያ የሰውየውን ስም በመድረኩ ላይ ያበላሽበታል፤ ሌላ ሥራም ያሳጣዋል።