የሴንትራል ሲቲ ኦፔራ ቤት እስከ ዛሬ እንዴት ሊቆይ ቻለ?

ጠያቂ (ከአውሮራ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በአውሮራ፣ ኮሎራዶ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች በመጪው ሐምሌ ወደ ሴንትራል ሲቲ ወጥተን በጥንታዊው ኦፔራ ቤት አንድ ትርኢት ለማየት አስበናል። ዛሬ ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ የማይሞሉት ይህች የተራራ ከተማ በ1878 (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንዲህ ያለ የድንጋይ ቲያትር ለምን ሠራች? የወርቁ ዘመን ካለፈ በኋላስ ሕንፃው ሳይፈርስ እንዴት ቆየ? ታሪኩን የምታውቁ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

መልስ 1 (የታሪክ አንባቢ)፦
ቤቱ ሲሠራ ከተማዋ የዛሬዋ አልነበረችም። በ1859 ጆን ግሪጎሪ በአካባቢው ወርቅ ካገኘ በኋላ በብሪታንያ ካሉት ከኮርንዎልና ከዌልስ የመጡ ማዕድን ቆፋሪዎች ሰፈሩባት፤ በኅብረት መዘመር ልማዳቸው ስለነበረ የሙዚቃ ቤት ለእነርሱ ቅንጦት አልነበረም። በ1874 እሳት የከተማዋን መሀል ካወደመ በኋላ፣ በሮበርት ሮሽላብ ንድፍ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የድንጋይ ቤት ሠሩ። የክብር ዘመኑ ግን አጭር ነበር፤ በ1881 በዴንቨር ታቦር ግራንድ የተባለው ትልቅ ኦፔራ ቤት ተከፈተ፤ የወርቁም ሥራ ተቀዛቀዘና ቤቱ ፊልም ማሳያ ሆኖ ቆይቶ ተዘጋ። በእኔ ግምት ያዳነው የከተማዋ ድህነት ነው። ታቦር ግራንድ መሬቱ በሚፈለግበት መሀል ዴንቨር ስለነበር በ1964 ፈረሰ፤ ተራራው ላይ ያለውን ግን አፍርሶ ሌላ ለመሥራት የሚጓጓ አልነበረም።

መልስ 2 (የቲያትር ወዳጅ)፦
ድህነት ቤትን ከመፍረስ ቢያድን እንኳ ጣሪያውን አይጠግንም። በ1931 የሕንፃው ባለቤት የነበረው የማክፋርሌን ቤተሰብ ወራሾች ሕንፃውን ለዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ከሰጡ በኋላ እድሳቱን የመሩት አን ኢቫንስና አይዳ ክሩስ ማክፋርሌን ናቸው፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል ወንበሮቹን የቀደምት ሰፋሪዎችን ስም እያስቀረጹ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጡ። በ1932 የፊልም ተዋናይቷ ሊሊያን ጊሽ በተወነችበት ተውኔት ቤቱ ተከፈተ። የዳግላስ ሙር ኦፔራ «የቤቢ ዶ ባላድ» በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም በዚሁ መድረክ ነው። የኦፔራው ባለታሪክ ቤቢ ዶ በእውን የነበረች ሴት ናት፤ በወጣትነቷም በዚያችው ከተማ ኖራለች፤ ሁለተኛ ባሏ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ያንኑ ታቦር ግራንድን ያሠራው ሰው ነው።

መልስ 3 (የዴንቨር ነዋሪ)፦
ቁማር ቤቶቹን ሳይጠቅሱ ስለ ዛሬዋ ሴንትራል ሲቲ መናገር አይቻልም። በ1990 ሕዝቡ በድምፁ ፈቅዶ በ1991 የተጀመረው ቁማር፣ ከግብሩ የተወሰነው ክፍል በመላው ኮሎራዶ ለታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ እንዲውል ተደንግጓል። እኔ ግን ልውውጡን ያለ ቅሬታ አልቀበለውም፤ የቀድሞ ሱቆች የፊት ግድግዳቸው ብቻ ቀርቶ ውስጣቸው የቁማር ማሽን መደርደሪያ ሆኗል። ኦፔራ ቤቱ ከዚህ መትረፉ ለጉብኝታችሁ ዋናው ምክንያት ይመስለኛል። ወንበሮቹ ወደ 550 ብቻ ስለሆኑ ትኬት ቀደም ብላችሁ ግዙ። ከተማዋ ከአዲስ አበባም ከፍ ብላ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሐምሌም ቢሆን ለማታው ሹራብ ወይም ጋቢ ያዙ።