የሳይቤሪያው ላቫ ዓለምን አግሏል፤ የእኛው ለምን አላጋለም?

የአራት ኪሎው፦
ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሳይቤሪያ ላቫ ምድርን አግሎ አብዛኛውን የባሕር ፍጡር ፈጀ ይባላል። ከእንጦጦ እስከ ስሜን የምንረግጠው ደጋም እኮ የላቫ ክምር ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ። ያኔ ዓለም ለምን አልጋለችም?

ድንጋይ ፈላጭ፦
አንደኛ መጠኑ። የእኛው 350 ሺህ ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ የሳይቤሪያው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ዋናው ጥያቄ ግን ቅልጥ አለቱ ሲወጣ ምን አበሰለ ነው። በሳይቤሪያ የድንጋይ ከሰልና ጨው መሐል ሰርጎ ገባ። ከ1100 ዲግሪ በላይ የጋለ ቅልጥ አለት በደለል መካከል አግድም ሲነጠፍ፣ ከላይም ከታችም የራሱን ውፍረት ያህል ደለል ይጋግራል፤ ካርቦኑ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ያመልጣል። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት በኖርዌይ ባሕር ወለል ሥርም ይኸው ሆኗል፤ ጋዙ ፈንድቶ የወጣባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች በድምፅ ሞገድ ቅኝት ታይተዋል። የእኛው ላቫ በአብዛኛው በስንጥቅ ሽቅብ ወጥቶ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ሥሩ ያለውም፣ ዓባይ በረሃ የወረደ እንደሚያየው፣ ይበልጡን አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ ነው።

የአራት ኪሎው፦
የ56 ሚሊዮኑን ሙቀት ግን ያመጣው ከባሕር ወለል ሥር በረዶ መሳይ ነገር ውስጥ ታስሮ የተለቀቀ ሚቴን ነው የሚሉ አሉ።

ሒሳብ ይቅደም፦
አስላው። ያኔ የካርቦን አይዞቶፑ ልክ፣ ማለትም የከባዱ ካርቦን (ካርቦን-13) ድርሻ ከቀላሉ አንጻር፣ በሺህ 3 ያህል ወረደ። በውቅያኖስና በአየር 40,000 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ነበረ፣ የአይዞቶፑ መነሻ ልክም ዜሮ ነው እንበል። 40,000ን በ3 አባዛ፤ ከዚያ በምንጩና በአዲሱ ልክ ልዩነት አካፍል። የሚቴን ልክ ኔጌቲቭ 60፣ አዲሱ ልክ ኔጌቲቭ 3 ስለሆነ ለ57 ታካፍላለህ፦ 2,100 ቢሊዮን ቶን ካርቦን። የተጋገረ ደለል ኔጌቲቭ 25፣ ለ22፦ 5,450። የእሳተ ገሞራ ጋዝ ኔጌቲቭ 6፣ ለ3፦ 40,000። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ለ57 መካፈሉን ትቶ ለ60 ያካፍላል። በሚቴን ብዙም አይጎዳም፣ በእሳተ ገሞራው ግን መልሱን በግማሽ ያጎድለዋል።

2,100ው ብቻውን ምድርን ያኔ እንደሞቀችው 5 ዲግሪ አያሞቅም። ካርቦኑ ባሕሩን አሲዳማ ስላደረገው በደቡብ አትላንቲክ ኖራ የሚሟሟበት ጥልቀት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣቱንም አያስረዳም። ሚቴን ቢኖርበት እንኳ ከሌላ ጋር ተደምሮ ነው።

ድንጋይ ፈላጭ፦
ፍጥነቱንም አትርሱ። ያኔ ካርቦኑ በሺዎች ዓመታት ተዘርግቶ ነው የወጣው፤ ዛሬ የሰው ልጅ በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ቶን ይለቃል። ደግሞ የእኛው ላቫ ሲፈስ አንታርክቲካ በረዶ ለብሳ ዓለም ቀዝቅዛ ነበር፤ ዝናብ የሚያጥበው ባዛልት (ቀዝቅዞ የጠነከረው ላቫ) ራሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጥጣል። እንጦጦን ግን ከዚህ አውጣው፤ ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ነው፣ ከዋናው ፍሰት በኋላ የመጣ።