ስለ ቤዝቦል አዲስ የሚወጡ መጻሕፍትን ከየት ነው የምትሰሙት?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው፤ አሁን ደግሞ ከመጫወቱ እኩል ስለ ጨዋታው ማንበብ ይዟል። እኔና አባቱ በእግር ኳስ ያደግን ሰዎች ነን፤ የትኛው መጽሐፍ ደህና እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ የምንለይበት መንገድ የለንም። ባለፈው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በሁለት ዶላር አንድ ወፍራም የሪከርድ መጽሐፍ ገዛሁለት። ተሸክሞት ልምምድ ሄደና ከአሰልጣኙ ጋር ተከራክሮ፣ "ያንተ መጽሐፍ ጊዜው አልፎበታል" ተብሎ አኩርፎ መጣ። ማታ እራቱንም በቅጡ አልበላ። አዲስ የሚወጡትን እናንተ እንዴት ነው የምትከታተሉት? ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚሆን ካለ ጠቁሙን።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ልጅሽ ያነበበውን ነው የተናገረው፤ አሰልጣኙም ልክ ነው። ክርክሩ በምን ላይ እንደነበር ባትነግሪንም ልገምት፦ በታሪክ ከፍተኛው የመምታት አማካይ የማን ነው በሚለው ላይ ይመስለኛል። ከ2024 በፊት የታተመ ብዙው የሪከርድ መጽሐፍ የሚያስቀምጠው ታይ ኮብን ነው፣ .367 ብሎ። ሜይ 2024 ላይ ግን ሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ ማለትም የአሜሪካ ዋናው ሊግ፣ ጥቁሮች በዘር መድልዎ ምክንያት ለብቻቸው የተጫወቱባቸውን የኒግሮ ሊጎች ቁጥር፣ ከ1920 እስከ 1948 ያለውን፣ ከዋናው መዝገብ ጋር ቀላቀለው። ከ2,300 በላይ ተጫዋቾች በአንዴ መዝገብ ገቡ። ከኮብ በላይ የተቀመጠው ጆሽ ጊብሰን ነው፣ .372። ዱላ ይዞ ከቆመባቸው አንድ ሺህ ጊዜያት በ372ቱ መትቶ ቢያንስ የመጀመሪያው ማረፊያ (ቤዝ) ደርሷል እንደማለት ነው። ሰውየው ያረፈው ጃንዋሪ 1947 ነው፣ ገና በ35 ዓመቱ። ጃኪ ሮቢንሰን የዘሩን አጥር ሰብሮ ሜጀር ሊግ የገባው ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

ለዚህ ነው አዳዲሱን መከታተል አለብን የምለው። ብዙ ሰው ቤዝቦል አሮጌ ጨዋታ ስለሆነ አሮጌ መጽሐፍ ይበቃዋል ብሎ ያስባል። የድሮው ጨዋታ ራሱ ዛሬ እንደገና እየተቆጠረ ነው። ሰዎች የጥቁሮችን የድሮ ጋዜጦች እያገላበጡ፣ የጠፉ ጨዋታዎችን ውጤት እየለቀሙ ነው እዚህ የደረሱት።

ስለ ጊብሰን እኔ እንዴት እንዳወቅሁ ላጫውትሽ። ታክሲ ነው የምነዳው። ማታ ማታ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በር አጠገብ ቆሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ መጽሐፍ መሪው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። ያን ሰሞን የያዝኩት የብራድ ስናይደርን "ቢዮንድ ዘ ሻዶው ኦፍ ዘ ሴናተርስ" ነበር፣ 2003 ላይ የታተመ። ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጊብሰን ቡድን ዋሽንግተን ውስጥ ግሪፊዝ ስታዲየምን ተከራይቶ ይጫወት እንደነበር ይተርካል። የሜዳው ባለቤት የነበረው ቡድን፣ ሴናተርስ፣ ነጮችን ብቻ ነበር የሚያሰልፈው። ስታዲየሙ የት እንደነበረ የሚናገረው ገጽ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። እዚያው ነኝ። ስታዲየሙ 1965 ላይ ፈረሰ፣ ቦታው ላይ ሆስፒታሉ ተሠራ፣ 1975 ተከፈተ። ዘጠነኛውና ዩ መንገድ ላይ እንጀራ ከምንበላበት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ያህል ዓመት በበሩ ስመላለስ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ከመሀሉ ሜዳ ጀርባ የነበረው አጥር ደግሞ ቀጥ ያለ አልነበረም። አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩ፤ ባለቤቶቹ አንሸጥም አሉ። አጥሩ ወደ ሜዳው ውስጥ ታጥፎ እነሱን ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። ያን ገጽ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቤቱን አልሸጥም ያለ ሰው አጥር ሲያስጎብጥ ማየት ደስ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገባሁ። ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ሆም ፕሌቱ፣ መቺው የሚቆምበት፣ የነበረበት ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። ልጄ እግሯን ከፈት አድርጋ፣ የሌለ ዱላ በሁለት እጇ ትከሻዋ ላይ ይዛ ቆመች። አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች መጣችና ቆም ብላ አየቻት፤ ከዚያ በአማርኛ "በይ ምቺ እንጂ!" አለቻት። ልጄ መታች። ነርሷ ኳሱን በዓይኗ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሸኘችው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የቤዝቦል መጽሐፍ ወቅት አለው። ብዙዎቹ ከሊጉ መከፈት ጋር፣ በማርችና በኤፕሪል ነው የሚወጡት። ስለዚህ እኔ በፌብሩዋሪ የላይብረሪዬን ካታሎግ ከፍቼ ገና ያልደረሱትን አያለሁ። የታዘዘ መጽሐፍ ከመድረሱ በፊት ካታሎጉ ላይ ይታያል፣ ያኔ ወረፋ ከያዝሽ ከመጀመሪያዎቹ ትሆኛለሽ። በስልክ ሊቢን፣ የላይብረሪ መጽሐፍ የሚያዋሰውን አፕ፣ የምትጠቀሚ ከሆነ፣ ላይብረሪው ገና ያልገዛውን መጽሐፍ "ሲመጣ አሳውቁኝ" ብለሽ ምልክት ማድረግ ትችያለሽ። በአካል ከሄድሽ ደግሞ ብዙ ላይብረሪ ውስጥ ቤዝቦል 796.357 በሚለው ቁጥር ነው የሚደረደረው። ልጅሽን ቁጥሩን አስይዥው፣ ራሱ ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ ሽልማት ነው። ስፒትቦል የሚባል መጽሔት ከ1983 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ የቤዝቦል መጽሐፍ "ኬሲ" የተባለ ሽልማት ይሰጣል። እኔ ከአሸናፊው ይልቅ ለውድድር የቀረቡትን ነው የምፈልገው፤ የዓመቱን ደህና ደህና መጽሐፍ አንድ ላይ ታገኛለሽ። የአሜሪካ የቤዝቦል ጥናት ማኅበርም፣ ሴበር የሚሉት፣ 1971 ኩፐርስታውን ላይ የተመሠረተው፣ ለታሪክና ለሕይወት ታሪክ መጻሕፍት የሲሞር ሜዳሊያ አለው። ይሄኛው ጠንከር ያሉትን ነው የሚመርጠው፤ ለአባቱ ይሆናል።

መርጬ የማነብበት አንድ ልማድ አለኝ፤ ከጀርባው እጀምራለሁ። ጸሐፊው ማንን አነጋግሮ፣ የትኛውን ጋዜጣ አገላብጦ እንደጻፈ መጨረሻው ላይ ካልተዘረዘረ አልወስደውም። ኮከብ ተጫዋች ጫማውን እንደሰቀለ በሌላ ሰው እጅ የሚያስጽፈው የራሱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ምስጋናና ውጤት ብቻ ይሆንብኛል። ለአንባቢ የሚያዝን ጸሐፊ የጠፋውንም ጨዋታ ይነግርሻል።

ከቅርቦቹ አንድ ብቻ ጥቀስ ብትዪኝ፣ የጆን ሚለር "ዘ ላስት ማኔጀር" ነው፣ 2025 የወጣው። ስለ ባልቲሞር ኦሪዮልስ አሰልጣኝ ስለ ኧርል ዊቨር ነው። ሰውየው ራሱ ሜጀር ሊግ ውስጥ ተጫውቶ አያውቅም። ነገር ግን 1,480 ጨዋታ አሸንፏል፣ 1970 ላይ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የሊጉን ዋንጫ በልቷል። ኮምፒዩተር በሌለበት ጊዜ የትኛው መቺ በየትኛው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ላይ ምን እንዳደረገ በካርድ አስጽፎ ይይዝ ነበር። ንዴቱ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ አገር "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል፤ ዊቨር ግን ዳኛ ፊት ቆሞ አፈር በእግሩ እየበተነ ከ90 ጊዜ በላይ ከሜዳ ተባርሯል። ቤዝቦልን የማታውቂ ብትሆኚም ሰውየውን ለማወቅ ብለሽ ትጨርሺዋለሽ። ለልጁ ስድብ ስላለው አሁን አይሆንም።

ለልጁ ከሆነ አዲስ ባይሆንም የካዲር ኔልሰንን "ዊ አር ዘ ሺፕ" አልዘለውም። 2008 የታተመ፣ ስለ ኒግሮ ሊግ ነው፤ ሥዕሎቹንም ጸሐፊው ራሱ ነው የሣላቸው። አንድ አሮጌ ተጫዋች "እኛ" እያለ ነው የሚተርከው፤ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠሽ የምትሰሚ ይመስልሻል። ካነበበ በኋላ የዋሽንግተን ስታዲየም ናሽናልስ ፓርክ ውሰጂው፣ የጊብሰን ሐውልት እዚያ አለ።

መልስ፣ ከሲያትል

ወንድማችን የጻፈው ላይ አንድ ልጨምር። እኛ ስደተኞች ልናነበው የሚገባ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ታሪክ አለ፤ ዴቪድ ማራኒስ የጻፈው፣ 2006 የወጣ። ክሌሜንቴ ከፖርቶ ሪኮ ፒትስበርግ መጥቶ ሲጫወት ጋዜጠኞች እንግሊዝኛውን አነጋገሩ በሚሰማበት መልክ እየሰባበሩ ይጽፉት ነበር። ስሙንም ሳይጠይቁት "ቦብ" አሉት። አልተቀበለም፤ ሮቤርቶ ነኝ አለ። በትክክል 3,000 ጊዜ መትቶ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1972 ኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ።

እኔ ሥራ ቦታ ስሜን ማሳጠር የተውኩት ይሄን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ነው። ልጄ ግን እዚህ ያደገች ናት፣ የእሷ ሰው የእኛው የሲያትል ተጫዋች የነበረው ጃፓናዊው ኢቺሮ ነው። 2025 ላይ ሆል ኦፍ ፌም፣ የቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ፣ ሲመረጥ ከሙሉ ድምፅ አንድ ብቻ ነው የጎደለው፤ ያን ቀን ሙሉ ያ አንድ ሰው ማን ይሆን እያለች ዋለች። ስለ እሱ አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ከእኔ በፊት የምትሰማው እሷ ናት። ልጆቻችንን ብንጠይቅ ግማሹን መልስ እናገኛለን።

ከአሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ክርክሩ እውነትም የኮብ ነው! የጻፍከውን ለልጄ ሳነብለት መጽሐፉን አመጣና ከኮብ ስም በላይ በእርሳስ "ጊብሰን .372" ብሎ ጻፈበት። ለአሰልጣኙ ሊያሳየው ነው። የኔልሰንን መጽሐፍ ላይብረሪ ጠየቅሁ፣ ሁሉም ቅጂ ሰው እጅ ነው፤ ወረፋ ይዣለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወረፋውን ተዪው፣ የልጄ ቅጂ አለ፤ እሷ ጨርሳዋለች። ሽፋኑ ጥግ ላይ ጁስ ፈሶበታል፣ ገጾቹ ግን ሙሉ ናቸው። ሐሙስ ማታ ዘጠነኛው መንገድ ላይ ነው የምቆመው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ልጁን ይዘሽ ነይ፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ቦታውን አሳየዋለሁ።