ባርቤዶስን በአውቶቡስ ብቻ መዞር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ባርቤዶስ ልንሄድ ነው። መኪና ሳንከራይ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል፣ እህቴ። ቅርብም ሂዱ ሩቅ፣ ታሪፉ በሰው 3.50 የባርቤዶስ ዶላር ነው፤ ለሁለታችሁ 7፣ በአሜሪካ 3.50 መሆኑ ነው። ሰማያዊዎቹ የመንግሥት አውቶቡሶች መልስ ስለማይሰጡ ዝርዝር ያዙ። ቢጫዎቹ ሚኒባሶችና ባለ ቀይ ዳማ መስመር ነጫጭ ታክሲዎች ይመልሳሉ፤ ግን ይጨናነቃሉ፣ ሙዚቃውም ይጮኻል።

መልስ፦ ሰው የሚሳሳተው ፌርማታ ላይ ነው። ምልክቱ «ቱ ሲቲ» ካለ ወደ ዋና ከተማዋ ብሪጅታውን፣ «አውት ኦፍ ሲቲ» ካለ ከከተማ የሚወጣ ነው። መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ የኛን አገር ልማድ ተከትላችሁ በተቃራኒው እንዳትቆሙ። እጅ ካላሳያችሁም ያልፋችኋል።

መልስ፦ በምሥራቁ ዳርቻ ወዳለችው ባትሼባ የሚሄደው አውቶቡስ ከብሪጅታውኑ ፌርቻይልድ ስትሪት መናኸሪያ ይነሳል። የመመለሻውን ሰዓት እዚያው ጠይቁ፤ እንደ ደቡቡ ዳርቻ ቶሎ ቶሎ አይመላለስም። ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ እዚያ አትዋኙ።