የክፍል ማስያዣ መተግበሪያ፦ አንድ አልጋ ለሁለት እንግዳ እንዳይያዝ እንዴት ይፈተናል?

ጠያቂ፣ ከእንጅባራ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እዚህ እንጅባራ ለሚገኝ አንድ ፔንሲዮን የአልጋ መያዣ መተግበሪያ በመሥራት ላይ ነኝ። የጻፍኩት በጃንጎ (የፓይተን የድር መተግበሪያ መሥሪያ) ሲሆን በላፕቶፔ ላይ የምሞክረው ኤስኪውኤላይት በተባለው ዳታቤዝ ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ እንዲጠቀም አስቤያለሁ። ክፍል የሚያዘው በሁለት በኩል ነው፤ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛው በኮምፒውተር ይመዘግባል፣ ባለቤቷም ደንበኛ ሲደውልላቸው በሞባይላቸው ይመዘግባሉ።

በአዘቦት ቀን ይህ ችግር የለውም። የሚያሳስበኝ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ከተማው ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ስለሚሆን፣ ሁለቱ መዝጋቢዎች የቀረችውን አንዲት ክፍል በአንድ ቅጽበት ለሁለት ሰው ሊሰጡ ይችላሉ። አሁን ያለው ኮድ መጀመሪያ «ይህ ክፍል በእነዚህ ቀናት ተይዟል ወይ?» ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቅና ካልተያዘ ይመዘግባል። የጻፍኳቸው ፈተናዎች በሙሉ ያልፋሉ፤ ሆኖም ሁሉም የሚሞክሩት አንድ ሰው ብቻውን ሲመዘግብ ነው። ቁጥጥሩ በኮዱ ውስጥ መሆኑ ይበቃል ወይ? ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመዘግብ የሚሆነውንስ እንዴት ልፈትነው?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

በኮዱ ውስጥ ያለው ቁጥጥር ብቻውን አይበቃም። በጥያቄውና በምዝገባው መካከል ምንም ያህል ቢያጥር ክፍተት አለ፤ ፖስትግሬስ ደግሞ አንዱ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚቀለበሱ ሥራዎች ጥቅል) ገና ያላጸደቀውን ምዝገባ ለሌላው ስለማያሳይ፣ ሁለቱም «ባዶ ነው» የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ይመዘግባሉ። ስለዚህ እንቢ ባዩ ራሱ ዳታቤዙ መሆን አለበት።

ፖስትግሬስ ለዚሁ የሚሆን ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንት የሚባል መሣሪያ አለው። «ክፍላቸው አንድ ሆኖ የቆይታ ቀናቸው የሚደራረብ ሁለት መዝገቦች አይኑሩ» ብለው አንድ ጊዜ ይደነግጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ምዝገባው በኮምፒውተርም ይምጣ በሞባይል ደንቡን አያልፍም። ጃንጎም ከ3.0 ጀምሮ ይህን በሞዴሉ (ሠንጠረዡን በሚገልጸው ኮድ) ውስጥ መጻፍ ያስችላል። የክፍሉን መለያና የቀን ክልሉን በአንድ ኢንዴክስ (የዳታቤዙ መፈለጊያ ማውጫ) ለማጣመር ቢትሪ ጂስት የተባለው የፖስትግሬስ ተጨማሪ ክፍል (ኤክስቴንሽን) ስለሚያስፈልግ፣ ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚለውጠው ፋይል) ውስጥ ከኮንስትሬይንቱ አስቀድመው ያስገቡት፤ አለዚያ የፈተና ዳታቤዙ ገና ሲፈጠር ይወድቃል።

የቀን ክልሉን ጫፍ በጥንቃቄ ይያዙት። ጥር 21 ገብቶ ጥር 23 ረፋድ ላይ የሚለቅ እንግዳ የሚያድረው ሁለት ሌሊት ነው፤ የመግቢያው ቀን ይቆጠራል፣ የመውጫው ግን አይቆጠርም። ፖስትግሬስም የቀን ክልልን የሚያስቀምጠው በዚሁ መልክ ነው። የመውጫውም ቀን ይቆጠር ብለው ከጻፉ፣ ጥር 23 ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው እንግዳ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ «ተይዟል» ይባላል፤ በበዓሉ ዕለት ደግሞ ባዶውን ያደረ ክፍል ለባለቤቷ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ደንቡ የተሰረዙ ምዝገባዎችን እንዳይመለከትም ሁኔታ ይጨምሩበት፤ ካልሆነ «ቀርቻለሁ» ያለ ሰው ክፍሉን እንደያዘ ይቀራል።

ወደ ፈተናው ስንመጣ፣ ኤስኪውኤላይትን ለዚህ ሥራ ይተዉት። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጸሐፊ ስለማያስተናግድ የፖስትግሬስን ጠባይ አያሳይም፤ ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንትም የለውም። ላፕቶፑ ላይ ፖስትግሬስን ጭነው፣ ለመተግበሪያው የሚሆን ተጠቃሚ ፍጠሩና ዳታቤዝ የመፍጠር ፈቃድ ይስጡት፤ ጃንጎ ፈተና ሲጀምር የራሱን ዳታቤዝ ፈጥሮ ሲጨርስ ስለሚያጠፋው፣ ዋናው መዝገብ አይነካም። የተለመደው የጃንጎ የፈተና መሠረት፣ ቴስትኬዝ፣ እያንዳንዱን ፈተና በትራንዛክሽን ጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ስለሚቀለብሰው፣ በውስጡ የተመዘገበውን ሌላ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የተከፈተ መስመር) ሊያየው አይችልም፤ በእርሱ ፋንታ ትራንዛክሽንቴስትኬዝን ይጠቀሙ።

ከዚያ ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራም ክሮች) ይክፈቱ። ሁለቱም «ባዶ ነው» የሚለውን መልስ ካገኙ በኋላ፣ ከመመዝገባቸው በፊት፣ በባሪየር (ሁሉም እስኪደርሱ በሚያቆም መጠበቂያ) ላይ ይጠባበቁና እኩል ይለቀቁ፤ እንዲህ ሲሆን ግጭቱ በዕድል ሳይሆን በእርግጠኝነት ይፈጠራል። አንዱ ተሳክቶ ሌላው ኢንተግሪቲኤረር («የዳታቤዙ ደንብ ተጥሷል» የሚል ስሕተት) ማግኘቱን፣ በሠንጠረዡም ውስጥ አንድ መዝገብ ብቻ መኖሩን ያረጋግጡ። እያንዳንዱ ትሬድ የከፈተውን ኮኔክሽን ካልዘጋ፣ ፖስትግሬስ «ገና የሚጠቀምበት አለ» ብሎ የፈተና ዳታቤዙን ማጥፋት ይከለክላል። ፈተናውንም ከማመንዎ በፊት ኮንስትሬይንቱን ለጊዜው አንሥተው ያስኪዱት፤ ያኔ ሁለት መዝገብ ተገኝቶ ካልወደቀ፣ ፈተናው የሚፈትነው ነገር የለም ማለት ነው።

ሌላ መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው የሚከራየው ሰርቨር ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንት የለውም። እኔ በግሌ የምመርጠው «ክፍል በሌሊት» የሚባል አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ነው። እንግዳው ለሚያድርባት ለእያንዳንዷ ሌሊት አንድ መዝገብ ይገባል፤ ክፍሉና ቀኑ በአንድነት እንዳይደገሙ ደግሞ ዩኒክ ኮንስትሬይንት ይደረግባቸዋል። የአንድ እንግዳ ሌሊቶች በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን እስከገቡ ድረስ በየትኛውም ዳታቤዝ ላይ ይሠራል፤ ምዝገባ ሲሰረዝም መዝገቦቹን ማጥፋት ይበቃል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የክፍሉን መዝገብ በሴሌክት ፎር አፕዴት መቆለፍን ይመክራሉ፤ እርሱም ይሠራል፣ ነገር ግን መቆለፉን የረሳ አንድ ኮድ ካለ ጥበቃው ይፈርሳል። ጃንጎ ላይ ደግሞ ዳታቤዙ ኤስኪውኤላይት ከሆነ ቁልፉ ምንም ሳያደርግ፣ ስሕተትም ሳያሳይ በዝምታ ይታለፋል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፖስትግሬስ የሚቻል ስለሆነ በመጀመሪያው መንገድ ሠራሁት፤ ኮንስትሬይንቱ ሲነሣ ፈተናው ወደቀ፣ ሲመለስ አለፈ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ መዝጋቢ ምዝገባውን ሳይጨርስ መብራት ቢጠፋ ሌላው ተከልክሎ ይቀራል ወይ? ሁለተኛም፣ ከባሕር ዳር ሲጓዝ አምሽቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የደረሰ እንግዳ በየትኛው ቀን ይመዝገብ? መቀበያው ላይ ያለው ሠራተኛ የትናንቱ ሌሊት አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ተከልክሎ አይቀርም። ሁለተኛው ምዝገባ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ትራንዛክሽን እስኪጸድቅ ወይም እስኪቀለበስ ድረስ ነው፤ ያልጸደቀው ኮኔክሽኑ መቋረጡ እንደታወቀ ይቀለበስና ተጠባባቂው ያልፋል። የጠፋው የሰርቨሩ መብራት ከሆነም፣ ፖስትግሬስ ተመልሶ ሲነሣ የጸደቀውን ከሎጉ (ከለውጥ መዝገቡ) ያገግማል፤ ያልጸደቀውም እንዳልነበረ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ክፍያ ሲጠባበቁ ትራንዛክሽን ከፍቶ መቆየት ክልክል ይሁን፤ «ለ15 ደቂቃ ተይዟል» የሚል ሁኔታ ያለው መዝገብ አስገብተው ወዲያው ያጽድቁት።

የሌሊቱን እንግዳ በተመለከተ፣ ቀን የሚለወጥበትን ሰዓት መወሰን የባለቤቷ እንጂ የኮምፒውተሩ ሥራ አይደለም። እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የመጣ እንግዳ ባለፈው ቀን ይመዝገብ ካሉ፣ ደንቡን በአንድ ፋንክሽን ብቻ ይጻፉትና ከሌሊቱ 5፣ 7 እና 11 ሰዓት ላይ ይፈትኑት። የጃንጎው የሰዓት ክልል አፍሪካ/አዲስ አበባ መሆኑንም ይመልከቱ። ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሆኖ ከቀረ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሰርቨሩ ያለው በትናንቱ ቀን ነው፤ ከባለቤቷ ደንብ ጋር ሲደረብም እንግዳውን ሁለት ቀን ወደኋላ ሊጥለው ይችላል።

ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር አስቀምጠው፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ወደ እኛ ይቀይሩት። ጥር 23 ሁልጊዜ በፈረንጅ ጃንዋሪ 31 ቀን ላይ እንደሚውል አድርገው ፈተናው ውስጥ አይጻፉ፤ በ2017 ዓ.ም. በዚያ ቀን ሲውል፣ በ2016 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 ያላትን ዓመት ተከትሎ ስለመጣ የዋለው በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ላይ ነበር። ሁለቱንም ዓመቶች፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ገብቶ መስከረም 1 ቀን የሚወጣ እንግዳንም በፈተናው ውስጥ ያካትቱ፤ የዚህ እንግዳ ቆይታ አንድ ሌሊት ሆኖ መቆጠር አለበት።