የጋራ ስፒከራችን ዕቅድ፦ አምፑ ከመመረጡ በፊት እንስማማ

አስተባባሪ፦
ወዳጆች፣ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። ሐሳቡ አባላት ሁሉ ቤታቸው ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ጥራት ያለው ስፒከር ነው፤ አንድ ዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣ)፣ አንድ ትዊተር (ከፍተኛውን የሚያወጣ)። ባለ ሦስት ድምፅ ማውጫ ይሁን ያላችሁም አላችሁ፣ ግን የክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለእያንዳንዳቸው የሚከፋፍለው ሰርኪት) ሥራ በጣም ይከብዳል፣ ጀማሪዎቹም እዚያው ላይ ይቆማሉ። በውይይታችን እስካሁን የተጻፈው አብዛኛው «የትኛው አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ይሻላል» የሚል ነው። ስፒከሩ ገና ሳይኖር አምፕ መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ወሰን አስገብቻለሁ፦ ኢምፒዳንሱ (ስፒከሩ ለአምፑ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ ከ5 ኦም በታች አይውረድ፣ ሴንሲቲቪቲው (ለተወሰነ ቮልት የሚሰጠው የድምፅ መጠን) ደግሞ በ2.83 ቮልት፣ በ1 ሜትር ርቀት ከ88 ዴሲቤል አይነስ። አስተያየት ስጡበት።

ከሳጥን ሠሪዎች፦
ሳጥኑ ዝግ ይሁን። ቱቦ ያለው ሳጥን ከታች ተጨማሪ ባስ ይሰጣል፣ አንክድም። ግን የቱቦው ርዝመት ወይም የሳጥኑ ስፋት ትንሽ ከተዛባ ባሱ ይበላሻል። ዝጉ ግን ትንሽ ስህተት ይችላል፣ ስሌቱም ቀላል ነው። ጠቅላላ ኪው (ንዝረቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚረጋ የሚያሳይ ቁጥር) 0.4፣ ቫስ (ከዉፈሩ ልስላሴ ጋር እኩል የሆነ የአየር መጠን) 50 ሊትር፣ ሬዞናንሱ (በራሱ የሚንቀጠቀጥበት ፍሪኩዌንሲ) 35 ሄርዝ የሆነ ዉፈር እንውሰድ። 23.5 ሊትር ገደማ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ኪው 0.707 ይሆናል፣ ባሱም 62 ሄርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። ግድግዳ አጠገብ ሲቀመጥ ክፍሉ ራሱ ከታች ያግዘዋል። እንጨቱ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት የተጨመቀ ጣውላ)፣ ውስጡ በድጋፍ የተጠናከረ። የኤምዲኤፍ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ጭንብል ግዴታ ነው የሚል ይጻፍልን።

ከመለኪያ ክፍል፦
አስተባባሪያችን፣ ሁለቱ ወሰኖች አብረው አይሄዱም። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ። ከፍ ያለው ድምፅ በሳጥኑ ፊት ተመልሶ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፣ ዝቅ ያለው ግን ሳጥኑን ዞሮ ወደ ኋላም ይበተናል። የፊቱ ወርድ 23 ሳንቲሜትር ከሆነ ይህ ለውጥ 500 ሄርዝ አካባቢ ላይ ነው። እስከ 6 ዴሲቤል ይደርሳል። ሚዛኑን ለመመለስ ክሮስኦቨሩ የላይኛውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ክፍሉ ስለሚያግዝ ብዙ ጊዜ 4 ዴሲቤል ገደማ ይበቃል። እንግዲህ 88 ዴሲቤል የተባለ ባለ 8 ኦም ዉፈር ተሠርቶ ሲያልቅ 84 ላይ ነው የሚቀመጠው። 88ን የግድ ካልን ወይ ሳጥኑ ይተልቃል፣ ወይ ባሱ ይቀራል፣ ወይ ሁለት ዉፈር አንድ ላይ አስረን ኢምፒዳንሱን እንጥላለን። እኛ የምንለው 84ን ተቀበሉ፣ 5 ኦሙን ግን አትልቀቁ ነው።

ሌላም አለ። 2.83 ቮልት ለ8 ኦም 1 ዋት ነው፣ ለ4 ኦም ግን 2 ዋት። በወረቀት ላይ ብርቱ የሚመስለው ባለ 4 ኦም ዉፈር 3 ዴሲቤሉን ያገኘው ከአምፑ ነው። ክሮስኦቨሩም ከመጽሐፍ ቀመር ተቀድቶ አይሠራ፣ የዉፈር ኢምፒዳንስ ከፍሪኩዌንሲው ጋር ስለሚቀያየር ቀመሩ አይገጥምም። ሳጥኑ ውስጥ ተገጥሞ ይለካ። ለሽቦ የታሰበው ገንዘብ ለመለኪያ ለተስተካከለ ማይክሮፎን ይዋል፣ አንዱን ሁላችንም እንዋዋሰዋለን።

ከቲዩብ ተጠቃሚዎች፦
84 ሲባል ደነገጥን። የብዙዎቻችን የቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ) 10 ዋት ነው። ሌላው ጭንቀታችን የአምፑ የራሱ የውጤት ኢምፒዳንስ ነው፣ 2 ኦም ሊደርስ ይችላል። ስፒከሩ አንዱ ጋ 5፣ ሌላው ጋ 30 ኦም ከሆነ በሁለቱ መካከል ከ2 ዴሲቤል በላይ የድምፅ ልዩነት ይመጣል። በሚገባ ይሰማል። ትራንዚስተር ያላችሁ ይህ ብዙም አይነካችሁም። ክሮስኦቨሩ አካባቢ ያለውን የኢምፒዳንስ ጉብታ የሚያስተካክል፣ በተከታታይ የተያያዙ ኮይል፣ ካፓሲተርና ሬዚስተር ከስፒከሩ ጋር በትይዩ ይጨመርልን።

አስተባባሪ፦
የቲዩብ ተጠቃሚዎች፣ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ፣ የኢምፒዳንስ ማስተካከያው፣ ትክክል ነው፣ በአማራጭ ይገባል። ትራንዚስተር ያለው ይተወዋል፣ ድምፁ አይጎድልበትም። ስለ 10 ዋቱ ደግሞ እናስላው። 10 ዋት በ1 ዋት ላይ 10 ዴሲቤል ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ 1 ሜትር ላይ 94 ይደርሳል። ራቅ ብለን ስንቀመጥ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ስፒከር ደግሞ ይጨምራል። በመጠነኛ ድምፅ ለሚያዳምጥ ይበቃል፣ ኦርኬስትራ በሙሉ ኃይሉ ለሚፈልግ ግን አይበቃም። ይህን ሳንሸፋፍን እንጻፈው።

አምፕ ለሌላቸው አንድ የጋራ አማራጭ ይኑር፦ ኤልኤም3886 የተባለው የአምፕ ቺፕ፣ በአዎንታዊና አሉታዊ 28 ቮልት። በዚህ ቮልቴጅ ለ8 ኦም 38 ዋት፣ ለ4 ኦም 68 ዋት ይሰጣል። ቮልቴጁን ወደ 35 ከፍ እናድርግ ያላችሁ፣ ለ8 ኦም ይሆናል፣ የእኛ ስፒከር ግን 5 ኦም ድረስ ስለሚወርድ ቺፑ ይግላል፣ መከላከያውም ድምፁን ይቆራርጠዋል። ፊውዝና የመሬት ሽቦ ግዴታ ናቸው። ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኘውን ክፍል ጀማሪ ብቻውን አይሥራ፣ ልምድ ያለው አባል አጠገቡ ይሁን።

የተሻሻለው ረቂቅ እንግዲህ ዝግ ሳጥን፣ 84 ዴሲቤል፣ ከ5 ኦም የማይወርድ፣ የኢምፒዳንስ ማስተካከያው በአማራጭ፣ ማይክሮፎኑ በማኅበሩ ወጪ ይላል። ያልተዘጋው የዉፈሩ ምርጫ ብቻ ነው። የመለኪያ ክፍሉ ሁለት ሦስት ዕጩዎችን ለክቶ ኪውና ቫሱን ያምጣልን፣ እንጨት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።